የቦንድን ሽጉጥ ማን ወሰደው?

ስለ ጀምስ ቦንድ፣ ስለዛ እንግሊዛዊ የፊልም ሰላይ፣ ሰው ሲጨቃጨቅ መስማት ለኔ አዲስ ነገር አይደለም። ኮነሪ ይሻላል ሙር ይሻላል፣ ክሬግ አዳነው ክሬግ ገደለው፣ ይሄን ሁሉ ጠግበነዋል። ግን ኦክቶበር 2025 ላይ እዚህ ለንደን አንድ ክርስትና ቤት ቡናው ቶና ላይ ደርሶ የተነሳው ክርክር ለየት ያለ ነበር። ስለ ተዋናዩ አይደለም፣ ስለ አያያዙ ነው፣ ይሄን ፊልም ማን ነው መምራት ያለበት የሚል። እዛ ላይ የተሰጠች አንዲት አጭር መልስ እስካሁን እየተመላለሰች ትነዘንዘኛለች፣ ስለዚህ ጽፌያት ልገላገል። (በነገራችን ላይ ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፣ ወደኛ ልቀይር የሚል ካለ ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ነው።)

ተከራካሪዎቹ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የለንደን አውቶቡስ ሾፌር፣ ጎልድፊንገርን በልጅነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ተሰልፈው ገብተው ያዩ ሰው ናቸው፣ ከዛ ወዲህ የመጣ ቦንድ ሁሉ ለሳቸው ተለማማጅ ነው። ሌላኛው የአክስቴ ልጅ ነው፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አንድ የቴክ ኩባንያ ውስጥ የሚሰራ፣ ቦንድ ማለት ክሬግ ብቻ የሚመስለው፣ አማርኛው ጋሼን ለማናደድ ልክ የሚበቃ ልጅ።

እኔ መሀል ነኝ። እኔ የቪዲዮ ቤት ልጅ ነኝ፣ ሴት ልጅ እዛ ምን ትሰራለች እየተባልኩ እናቴ ቆንጥጣኝም የማልቀር። እዛ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ ነበር፣ አክተሩ አይሞትም። ሮጀር ሙር የአዞዎቹን ጀርባ እየረገጠ ሲሻገር ማናችንም አልተጨነቅንም፣ አክተር ነዋ። የፊልሙ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ማን ብር እንዳወጣበት፣ ማን ተዋናዩን እንደመረጠ ግን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም፣ ፊልሙ እንደ ዝናብ ዝም ብሎ የሚመጣ ነው የሚመስለን። ባለቤት እንዳለው ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

የክርክሩ መነሻ ደግሞ የታወቀ ነው። ፌብሩዋሪ 20፣ 2025 የፊልሞቹ ፕሮዲውሰሮች ባርባራ ብሮኮሊ እና ማይክል ዊልሰን ቦንድን በሚመለከት የመጨረሻውን ውሳኔ የመስጠት ስልጣን ለአማዞን ኤም ጂ ኤም ስቱዲዮስ አስረከቡ። ሸጠው ወጡ ማለት አይደለም፣ ንብረቱ በሽርክና የጋራቸው ሆኖ ቀጥሏል፣ ግን መሪውን ለቀቁ። በዛው ቀን ጄፍ ቤዞስ ኤክስ ላይ ብቅ ብሎ ቀጣዩ ቦንድ ማን ቢሆን ትላላችሁ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ጋሼ ይቺን ነገር ሲያስቧት አሁንም ደማቸው ይፈላል፣ «ገና የሬሳው አፈር ሳይደርቅ» ነው የሚሉት።

የቤተሰብ ነው የኩባንያ?

የጋሼ አቋም ቀላል ነው፣ ቤት ያለ ባለቤት አይቆምም። ታሪኩን እንደ ዘር ሀረግ ነው የሚቆጥሩት። 1961 ላይ የባርባራ አባት ከቢ ብሮኮሊ እና ሃሪ ሳልትዝማን ኢዮን ፕሮዳክሽንስን አቋቋሙ፣ መብቱን የሚይዘውን ሌላውን ኩባንያ ዳንጃክ አሉት፣ ከሚስቶቻቸው ከዳና እና ከጃክሊን ስም ቆርጠው ቀጥለው ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው ፊልም ዶክተር ኖ ወጣ፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሆነ በጀት። 1975 ላይ ሳልትዝማን ሌላ ቦታ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ድርሻውን ለዩናይትድ አርቲስትስ ሸጠ። ከዛ በኋላ ግማሹ የቤተሰብ ግማሹ የስቱዲዮ ሆኖ ቀረ፣ ስቱዲዮው እጅ በእጅ ሲዞር ቤተሰቡ ግን አልተነቃነቀም። ዩናይትድ አርቲስትስ 1981 ላይ ለኤም ጂ ኤም ተሸጠ፣ ኤም ጂ ኤም ራሱ ስንቴ ተገዛ ተሸጠ፣ 2010 ላይ ከሰረ፣ 2022 ላይ አማዞን በ8.45 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። በዚህ ሁሉ መሀል የከቢ ልጅ ባርባራ እና የእንጀራ ልጁ ማይክል አሉ። ማይክል ዊልሰን እኮ ጎልድፊንገር ላይ ወታደር ሆኖ ከኋላ ከሚታዩት አንዱ ነው፣ 1964፣ ጋሼ ተሰልፈው ያዩት ፊልም ላይ! ይሄን ስነግራቸው የዘመድ ልጅ ያገኙ ያህል ነው ደስ ያላቸው።

የአክስቴ ልጅ መልስ ደግሞ በቁጥር ነው። በ1962 እና በ1965 መሀል አራት ፊልም ወጣ፣ በየዓመቱ አንድ። ክሬግ አምስት ፊልም ለመስራት 15 ዓመት ፈጀበት። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ተዋናይ የለ፣ ስክሪፕት የለ፣ ምንም። «ጋሼ፣ እርስዎ ቤተሰብ ይላሉ፣ ቤተሰቡ እኮ ተኝቶበት ነበር» አላቸው። ዳይሬክተሩ ዳኒ ቦይል 2018 ላይ ሥራውን ጀምሮ ጥሎ መውጣቱን አነሳ። እንደዚህ ዓይነት ስም ያለው ነገር ሌላ ቦታ ቢሆን ተከታታይ ድራማው፣ ካርቱኑ፣ የሴቷ ሰላይ ፊልም፣ የክፉዎቹ ታሪክ ለብቻው፣ ሁሉም ተሰርቶ ነበር አለ። ጋሼ «እሱን ነው የምፈራው» አሉ።

እውነት ለመናገር እዚህ ድረስ ሁለቱም አዲስ ነገር አልነገሩኝም። ፌብሩዋሪ ላይ ዜናው ከወጣ ጀምሮ ደጋፊው ሁሉ ሲለው የከረመውን ነው የሚደግሙት፣ ግማሹ ያለቅሳል ግማሹ እፎይ ይላል። ደግሞ ሁለቱም ታሪኩን ለራሳቸው እንዲመች አድርገው ነው የሚያወሩት።

ሞኝና ወረቀት

ቤተሰቡ ሁልጊዜ እምቢ ባይ ነበር ይባላል። አዎ፣ ብዙ ጊዜ። ግን ዳይ አናዘር ዴይ ላይ ሃሊ ቤሪ የሰራቻት ጂንክስ ለብቻዋ ፊልም እንዲኖራት የፈለጉት እነ ባርባራ ራሳቸው ናቸው፣ ጸሐፊዎቹ ሥራ ጀምረው ነበር፣ 2003 ላይ አይሆንም ብሎ የሰረዘው ስቱዲዮው ነው። ያን ጊዜ «ገንዘብ ብቻ የሚያስበው ስቱዲዮ» ጠንቃቃ ሆኖ፣ «ጠባቂው ቤተሰብ» ቅርንጫፍ ሊያበዛ ነበር ማለት ነው። ይሄን ስናገር ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው አዩኝ፣ ከማን ወገን ነሽ ዓይነት አስተያየት።

የአክስቴ ልጅም አያምልጥ። ቤተሰቡ ስለሰነፈ ነው የዘገየው ይላል፣ ግን ትልቁ ክፍተት ከ1989 እስከ 1995 ነው፣ ስድስት ዓመት፣ ምክንያቱም ስንፍና አይደለም። ስቱዲዮው አዲስ ገዢ ሲመጣለት የድሮዎቹን የቦንድ ፊልሞች የቴሌቪዥን መብት በርካሽ ሊያስተላልፍ ነው ብሎ ዳንጃክ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ያን ጊዜ ቦንድ የነበረው ቲሞቲ ዳልተን ሁለት ፊልም ሰርቶ ሦስተኛውን እየጠበቀ ዕድሜው ሄደ፣ 1994 ላይ በቃኝ አለ። ለኔ በጠቅላላው ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያሳዝነኝ ሰው ዳልተን ነው። ከመጽሐፉ ሰውዬ ጋር ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነበር ባይ ነኝ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ክርክር አልቀበልም።

የዚህ ፊልም ዕጣ ፈንታ ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ አይደለም የተወሰነው፣ ብዙው የጠበቃ ሥራ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ኬቪን ማክሎሪ የሚባል ሰው ከቦንድ ደራሲ ከኢያን ፍሌሚንግ ጋር ሆኖ የሰራውን ስክሪፕት ፍሌሚንግ ሳያስፈቅደው ተንደርቦል ብሎ መጽሐፍ አደረገው፣ ሰውዬው ከሰሰ፣ 1963 ላይ በስምምነት አለቀና የታሪኩ የፊልም መብት ማክሎሪ እጅ ገባ። በዛች ወረቀት 1983 ላይ ኮነሪን መልሶ አምጥቶ ሌላ ቦንድ ሰራባቸው፣ ሙር ኦክቶፐሲን በሰራበት በዛው ዓመት። እነ ብሮኮሊም የዛ ታሪክ የሆነውን የቦንድን ዋና ጠላት ብሎፌልድን በስሙ መጥራት ስለማይችሉ 1981 ላይ ፎር ዩር አይስ ኦንሊ መጀመሪያ ላይ አንድ መላጣ ሰውዬ በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተው፣ ድመቱን ጨብጦ፣ ስሙ አንዴም ሳይጠራ ጭስ ማውጫ ውስጥ ጣሉት። ያ ስድብ ነው፣ ጠበቃ የሚያነበው ስድብ። መብቱ ተጠቃሎ የተገዛው 2013 ላይ ነው፣ ማክሎሪ ከሞተ በኋላ፣ ከወራሾቹ።

የክሬግ ካሲኖ ሮያልስ? ሁላችንም የቤተሰቡ ትልቁ ሥራ የምንለው? የመጽሐፉ መብት ገና በድሮ ጊዜ ለሌላ ሰው ተሸጦ ስለነበር 1967 ላይ ቀልድ አድርገው ሰሩበት። ወደ ኤም ጂ ኤም የመጣው 1999 ላይ ነው፣ ከሶኒ ጋር በተደረገ ድርድር፣ ኤም ጂ ኤም በስፓይደርማን ላይ አለኝ የሚለውን መብት ለቆ። ስፓይደርማንን ሰጥተው ካሲኖ ሮያልን ወሰዱ። ከሁለቱ ማን እንዳተረፈ ሶኒን ጠይቁ። ግን ያ ልውውጥ ባይኖር የዳንኤል ክሬግ የመጀመሪያ ፊልም ያ ታሪክ አይሆንም ነበር።

እንግዲህ ንጹሕ የቤተሰብ ዘመን የሚባል ነገር አልነበረም፣ ንጹሕ የኩባንያ ዘመንም አልነበረም። ይሄን ሁሉ ቡናው ላይ እንደ አስተማሪ ዘርዝሬላቸው ነገሩን የዘጋሁት መስሎኝ ነበር።

ረጅሙ ክንድ

እዚህ ላይ ነው የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ጋሼን ሊያስቅ ብሎ ፎቶዎቹን ያሳያቸው። ኦክቶበር 5 ዶክተር ኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ቀን ነው፣ ደጋፊው የጀምስ ቦንድ ቀን ይለዋል። በዛው ሰሞን ፕራይም ቪዲዮ ላይ ፊልሞቹ አዲስ የሽፋን ምስል ለብሰው ወጡ። ሽጉጥ የለም። ምስሎቹ የድሮዎቹ የታወቁት ናቸው፣ ሽጉጡ ብቻ በኮምፒውተር ጠፍቷል።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የኮነሪ ምስል ላይ እጆቹ እንደተጣመሩ ናቸው፣ ግን ጣቶቹ የሚይዙት ነገር ስለሌለ ምን እያደረገ እንደሆነ አይገባም። የሙር ደግሞ የባሰ ነው። አ ቪው ቱ ኤ ኪል ላይ ሽጉጡን ከማየት ለማዳን ክንዱን ጎትተው አስረዝመውታል፣ አጎላነውና አየነው፣ ከትከሻው ተነስቶ ወደ ታች ይሄዳል ይሄዳል፣ መጨረሻ የለውም። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፣ የህጻኗ እናት ሳትቀር መጥታ አየች። ይሄ የመግደል ፈቃድ ያለው ሰውዬ ነው እንግዲህ፣ ጠቅላላ ስራው እሱ የሆነ።

ጋሼ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ስልኩን ዓይናቸው ሥር አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ማነው ይሄን ያዘዘው?»

የአክስቴ ልጅ ትከሻውን ሰበቀ። «ማንም።»

«እንዴት ማንም?»

«ማንም ጋሼ። እኔ እንደሚመስለኝ የሆነ መመሪያ አለ፣ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መሳሪያ አይታይ የሚል ዓይነት፣ ከዛ የሆነ ቦታ የተቀመጠ አንድ ልጅ ዝርዝር ይላክለታል፣ ሃያ ምናምን ፊልም፣ አስተካክል ይባላል፣ ያስተካክላል። ስለ ቦንድ ያሰበ ሰው የለም። እኔ ራሴ ሥራ ቦታ እንደዚህ ዓይነት ነገር አደርጋለሁ እኮ።»

መልሷ ይቺ ናት። ማንም።

ልብ በሉ፣ ግምቱን ነው የነገራቸው፣ እዛ ቤት ውስጥ በርግጥ እንዴት እንደተሰራ እኔም እሱም አላየንም። ተቃውሞው ሲበዛ ምስሎቹ ተነስተው ከፊልሞቹ በተወሰዱ ፎቶዎች ተተክተዋል፣ ጉዳዩ በጥቂት ቀን አለቀ። ትንሽ ነገር ነው። ሽፋን ነው፣ ፊልሙን ማንም አልነካውም። እኔም ለራሴ እንደዛ እያልኩ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት፣ ግን ባቡር ውስጥ ሆኜ፣ ከዛም ሥራ ቦታ፣ ከዛም እንጀራ እየጋገርኩ፣ «ማንም» ያለው ነገር አልለቀቀኝም።

ያልወረደው ደም

ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። የቦንድ ደጋፊ የሆነ ሰው ጉዳዩን ያውቀዋል፣ መክፈቻው ላይ ያለው የጠመንጃ አፈሙዝ፣ ነጩ ክብ፣ ሰውዬው እየተራመደ ይመጣል፣ ዞር ይላል፣ ይተኩሳል፣ ቀይ ደም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሞሪስ ባይንደር ለዶክተር ኖ የሰራው ነው፣ እዛ ላይ የሚራመደው ኮነሪ እንኳን አይደለም፣ ቦብ ሲመንስ የሚባል ስታንትማን ነው። ይቺ የጥቂት ሰከንድ ነገር ላይ የፈሰሰው የደጋፊ እንባ ብዛት አይነገርም። ካሲኖ ሮያል ላይ ከመጀመሪያው ትዕይንት በኋላ አደረጓት፣ ጮህን። ኳንተም ኦፍ ሶላስ ላይ ወደ መጨረሻ ወሰዷት፣ ስካይፎል ላይም መጨረሻ፣ ተሳደብን። ስፔክተር ላይ ወደ ቦታዋ ሲመልሷት ሲኒማው ውስጥ የተጨበጨበ ጊዜ አለ፣ እኔ ካጨበጨቡት አንዷ ነኝ፣ አላፍርበትም።

ከዛ የክሬግ የመጨረሻው ፊልም፣ ኖ ታይም ቱ ዳይ መጣ። ክቡ ይመጣል፣ ክሬግ ይራመዳል፣ ይዞራል፣ ይተኩሳል። ደሙ አይወርድም። ነጩ ብቻ እየሰፋ ሄዶ በረዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም፣ ፊልሙ ሲያልቅ ነው የተገለጠልኝ። ሁልጊዜ ደሙ የሌላ ሰው ነበር፣ እሱን ሊገድል የመጣው ሰው ደም። እዚህ ላይ ግን ሌላው ሰው አልሞተም። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ደሴቷ ላይ ቆሞ ሚሳይሎቹ ሲመጡ አክተሩ ይሞታል፣ እና ፊልሙ ይሄን ገና ሲጀምር ነግሮኝ ነበር። በርግጥ ዳይሬክተሩ እንደዛ አስቦ ነው ብዬ ልምልላችሁ አልችልም፣ ግን ደሙ እንዳይወርድ አንድ ሰው ወስኗል፣ ቁጭ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ፣ ሌላ ሰው ደግሞ እሺ ብሎታል።

አያችሁ ልዩነቱን? አንድ ቦታ ደም ጠፋ፣ ሌላ ቦታ ሽጉጥ ጠፋ። የመጀመሪያውን የሰረዘ ሰው እኔን እያሰበ ነው፣ ትደነግጣለች ትናደዳለች ብሎ፣ ተሳስቶም ከሆነ ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚሳሳተው። ሁለተኛውን የሰረዘ ማንም አላሰበኝም። እኔን ያናደደኝ ሽጉጡ አይደለም ለካ፣ ሽጉጥ ምን ያደርግልኛል።

ጋሼ የክሬግን ሞት አልተቀበሉትም፣ «አክተር ይሞታል እንዴ?» ብለው አራት ዓመት ሙሉ አኩርፈዋል፣ ግን ማንን እንደሚያኮርፉ ያውቃሉ። ባርባራን። በስሟ ነው የሚጠሯት፣ አንድ ሰፈር እንደሚኖሩ ሁሉ፣ «ይቺ ባርባራ»። 2005 ላይ ክሬግ ሲመረጥ፣ ጸጉሩ ቢጫ ነው ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ አንመለከትም የሚል ዘመቻ ሲነሳም የተሰደበችው እሷ ናት። ከክሬግ በፊት ቦንድ የነበረው ብሮስናን 2004 ላይ በስልክ ሲሰናበት ስልኩን የደወሉለት እሷ እና ማይክል ናቸው፣ ሰውዬው ራሱ ኋላ ላይ ተናግሮታል፣ ቅር እንዳለውም አልደበቀም። ደስ የማይል ነገር ነው፣ አሥር ዓመት ያገለገለን ሰው በስልክ። ግን ደዋዩ ይታወቃል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ አባቶቻችን። እዚህ ግን የገረመኝ ባለቤቱን ማንም አልናቀም፣ ማንም ባለቤት መኖሩን ትዝ አላለውም ነው ነገሩ። አጥሩ ሲነቀነቅ የሚወጣ ሰው የለም፣ ጋሼ ያጡት እሱን ነው። ቤተሰብ ስለሆነ የተቀደሰ ነው የሚለው ወሬ ላይ አሁንም አልስማማም፣ ልጅነት ችሎታ አይደለም፣ ባርባራ አባቷ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ወንበር ታገኘው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅም ትክክል ነው። የአክስቴ ልጅ ይሄን አንስቶ ነበር፣ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ እምቢ የሚል ሰው እምቢ ማለቱ በራሱ አይጠቅምም፣ የሚጠቅመው እሺም ሲል እምቢም ሲል የሚጠየቅ መሆኑ ነው። ጂንክስን እሺ ያለችው ራሷ ባርባራ ናት፣ ክሬግን እሺ ያለችውም።

እና አሁንስ?

ለአማዞን ፍትሐዊ እንሁን ካልን ከሽፋኑ ጉድ ሌላ እስካሁን የሰራው ምርጫ የሚናቅ አይደለም። ማርች 2025 ላይ ኤሚ ፓስካልን እና ዴቪድ ሄይማንን ፕሮዲውሰር አደረገ። ፓስካል ከካሲኖ ሮያል እስከ ስካይፎል የክሬግን ፊልሞች ሶኒ ሲያከፋፍል የሶኒ ፊልም ክፍል ኃላፊ ነበረች፣ አዲስ ሰው አይደለችም። ሄይማን የሃሪ ፖተርን ስምንት ፊልም ከዳር ዳር ያደረሰ ሰው ነው፣ አንድ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሳይፈርስ መያዝ እንደሚችል አሳይቷል። ጁን ላይ ዴኒ ቪልነቭ ዳይሬክተር ተባለ፣ ቀጥሎ ፒኪ ብላይንደርስን የጻፈው ስቲቨን ናይት ለስክሪፕቱ ተመረጠ። ስማቸው የሚታወቅ፣ ሲያጠፉ የሚሰደቡ ሰዎች ናቸው። ጋሼን ይሄን ነግሬያቸው «ቪልነቭ ፊልሙ ይረዝማል» ብቻ ነው ያሉኝ፣ ያው ተስፋ ማድረግ ጀምረዋል ማለት ነው።

የኔ ስጋት ከፊልሙ ይልቅ በፊልሞቹ መሀል ያለው ጊዜ ነው። ቪልነቭ አንድ ሥራ ላይ ሲቀመጥ ሽጉጥ አያስጠፋም። ግን ሁለተኛው ፊልም እስኪመጣ ያለው ሦስት አራት ዓመት፣ ያን ጊዜ የሚሞሉት ትንንሾቹ ነገሮች፣ ሽፋኑ፣ ማስታወቂያው፣ የውድድር ፕሮግራሙ (007 የሚል ስም ለጥፈው ሰው በተራራ ላይ የሚያሯሩጡበት አለ፣ እሱ ደግሞ በነባርባራ ጊዜ የተጀመረ ነው፣ ፍርዱን ለናንተ)፣ እነዚህን ማን ነው የሚያያቸው? ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው በትልቁ ነገር አይመስለኝም፣ በዚህ በዚህ ነው። የአክስቴ ልጅ ሌላ ሰው ያስፈልጋል ብሎ አያምንም፣ «ደጋፊው ራሱ ይጮሃል፣ ያስተካክላሉ፣ አየሽ አይደል ምስሎቹን ቀየሯቸው» ይላል። ልክ ነው፣ ቀየሯቸው። ግን እኛ ደመወዝ አይከፈለንም እኮ! ደጋፊ ለመናደድ ነው የተፈጠረው፣ ለመጠበቅ አይደለም። ደግሞ እኛን ጠባቂ ካደረጋችሁን አለቃችሁ፣ ዳልተን ይመለስ ብዬ የምጮህ እኔ ነኝ፣ ሙር ብቻ የሚል አለ፣ ክሬግን ከመቃብር አውጡልን የሚል አለ። በኛ ድምጽ የሚሰራ ቦንድ ሦስት እጅ ነው የሚኖረው።

አንድ ሌላ ሰዓት ደግሞ እየቆጠረ ነው፣ በክርክሩ ላይ ማንም አላነሳውም። ፍሌሚንግ የሞተው ኦገስት 1964 ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ የደራሲ መብት ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ 2035 ሲገባ የመጽሐፎቹ ቦንድ እዚህ አገር ለፈለገው ሁሉ ነጻ ይሆናል። ፊልሞቹ የፈጠሩት አይደለም፣ አፈሙዙና ሙዚቃው አይደለም፣ ሰውዬው ራሱ ግን አዎ። አሜሪካ ውስጥ ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ስለዚህ ውስብስቡ መከራ ነው የሚሆነው፣ ጠበቆቹ ከአሁኑ እጃቸውን እያፍተለተሉ ይሆናል። ያኔ ይሄ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ክርክር ራሱ መልኩን ይቀይራል፣ እንግሊዛዊ የሆነ ጎረምሳ ሁሉ ካሜራ ይዞ ተነስቶ ሞት የለሽ ቦንድ፣ ሟች ቦንድ፣ ሴት ቦንድ መስራት ይችላል፣ ከነሱ መሀልም አንዱ ከሁላችንም የበለጠ የገባው ይሆናል።

እስከዛ ያለው ጊዜ በክሬግ ፍጥነት ሲሰላ ሦስት ፊልም ቢሆን ነው። እኔ ሁለት ይበቃኛል፣ ሁለቱም በስክሪፕት የተጀመሩ ከሆነ፣ እንደ ኳንተም ኦፍ ሶላስ የጸሐፊዎች አድማ መሀል ገብተው ገጹ ሳያልቅ ካሜራ የተነሳባቸው ካልሆኑ። የቦንድ አለቃ ጸሐፊ የመኒፔኒን የልጅነት ታሪክ በስምንት ክፍል ከሰሩ ግን አላይም፣ ጋሼ እንደሚያዩት እርግጠኛ ነኝ፣ አይተውም ደውለው ያማርሩልኛል።